አራተኛው ገጽ

መስከረም 28 ቀን

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ በእማዬ ይጀምርና ወደ አንቺ ይለፍ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ከጡረታ ደብዳቤዬ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ለምጄዋለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። በኮምፒውተር ማስተማር ማለት ውሃ ወቀጣ ማለት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከረባቴን አስሬ፣ ጆሮዬ ላይ ያንን የፈረስ ልጓም የመሰለ ማዳመጫ ደፍቼ፣ ለሦስተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች የሙያ ዕቅድ አስተምራለሁ። አርባ ሦስት ናቸው ይባላል። ይባላል የምልሽ አይቼያቸው ስለማላውቅ ነው። የሚታየኝ አርባ ሦስት ጥቁር ሣጥን ነው። «ካሜራ ክፈቱ» ስል ኔትወርክ ይጠፋል። «ጥያቄ አለ?» ስል ማይክ ይበላሻል። ሃያ ስድስት ዓመት በሠራተኛ አስተዳደር ስሠራ ብዙ ሰነፍ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተደራጅቶ የሚተኛ ግን አላየሁም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚሉት እውነት ነው።

ስማቸውን ለመያዝ ስላልደከምኩ ቅጽል አውጥቼላቸዋለሁ። አንዱ ካሜራው በስህተት ሲከፈት የቤቱን ኮርኒስ ብቻ ስለሚያሳይ «ባለኮርኒሱ» ነው። ሌላው በተጠራ ቁጥር «መምህር፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል» ስለሚል «ቆራጩ» ብዬዋለሁ። የራሷን ፎቶ ማስቀመጥ ሲገባት የድመት ፎቶ የለጠፈች አንዲት ልጅ ደግሞ አለች፤ እሷ «ድመቷ» ናት። እሷ እንኳ ትምህርቱ ሲያልቅ «አመሰግናለሁ መምህር» ብላ ትጽፋለች። ሌሎቹ ሰዓቱ ሳይሞላ እልም ይላሉ።

«ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አሥራ አንዱ «የራሴን ቢዝነስ» ብለው ጻፉ። የምን ቢዝነስ? አንዱ «ትልቅ» ሲል መለሰልኝ።

አንቺን ምሳሌ ያደረግሁሽ ለዚህ ነው። ዘጠነኛው ስላይድ ያንቺ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላሽ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሰመርኩልሽን የአሥራ አምስት ዓመት ዕቅድ ታስታውሻለሽ። ዋናውን ለአንቺ ሰጥቼ ቅጂውን እኔ ጋ አስቀርቼ ነበር፤ ቅጂ ሳላስቀር የሰጠሁት ወረቀት የለም። አንደኛ ዓመት፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። አምስተኛ ዓመት፣ የካሳ ክፍል ሠራተኛ። አሥራ አምስተኛ ዓመት፣ የመምሪያ ኃላፊ። ሰባተኛው ዓመት ላይ «ትዳር (ካስፈለገ)» የሚለውን ሲያዩ ማይካቸው ድንገት ተሠርቶ ሳቁ። እኔም «ይቺ ልጅ ዛሬም እዚያው የመድን ድርጅት ውስጥ ናት፤ ከዕቅዷ አንድ መስመር አልዘለለችም» አልኳቸው።

ለመሆኑ የመምሪያ ኃላፊነቱ ነገር ምን ደረሰ? ዘንድሮ አሥራ አምስተኛ ዓመትሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ፍሪጄ ታሟል። ሌት ተቀን ያጓራል፣ ወተቱ ግን በነጋታው ይበላሻል። አንድ ጠጋኝ ባመጣ ጎኑን ሁለቴ በጥፊ መትቶ «አሁን ይሠራል» ብሎኝ ሄደ። ትምህርት ያልገባው እጅ ከዚህ በላይ ምን ያውቃል።

ታላቅ ወንድምሽ


ጥቅምት 9 ቀን

ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔም እማዬም ደህና ነን። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሙቀት ሲጨምር ሥራ ይበዛብኛል።

ለምን እንደማልደውል እማዬን ጠይቀሃት ነበር አሉ። በስልክ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ። በደብዳቤ ግን ተራ አለ። ወደ ሥራ ቦታም አትደውል፤ አለቃዬ ስልክ አትወድም።

ስለ ኃላፊነቱ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ሥራው ደህና ነው።

ስለ ተማሪዎችህ ያልከውን ለእማዬ አነበብኩላት። እኔም ከእነሱ አንዷ ብሆን ካሜራ አልከፍትልህም ነበር። የአርባ ሦስት ሰው ማይክ ባንድ ጊዜ የሚበላሽ ከሆነ የተበላሸው ማይኩ ላይሆን ይችላል። ልጆቹ ገና ኑሮን ሳይጀምሩ አሥራ አምስት ሣጥን ውስጥ ትከታቸዋለህ፣ ከዚያ ደግሞ ሣጥን ሆኑብኝ ብለህ ታማርራለህ። ሰው እንደ ፋይል መደርደሪያ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስልሃል። ድሮም እንዲሁ ነበርክ። ጡረታ ይፈውስሃል ብለን ነበር፣ ይኸው ጭራሽ በኢንተርኔት አሠራጨኸው።

ዘጠነኛውን ስላይድ አንሣልኝ። እለምንሃለሁ ማለት ስለማልወድ አንሣ ነው የምልህ። እማዬ «ካስፈለገ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀችና «ለመሆኑ እሱንስ አስፈልጎት ያውቃል?» አለች። ይህን የጻፍኩት እሷ ጻፊ ስላለችኝ ነው።

ፍሪጅህን በጥፊ የመታውን ሰው ሁለተኛ በርህን አታስረግጠው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። አንድ ቀጭን ወረቀት በሩና ጎማው መካከል አድርገህ ዝጋና ሳብ አድርገው። ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል፤ ቅዝቃዜው የሚያመልጠው በዚያ ነው። ከያዘ በሽታው ሌላ ነው። ለጊዜው ከኋላው ያለውን ጥቁር ሽቦ አቧራውን ጥረግለት፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቀው።

ታናሽህ


ጥቅምት 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

እማዬን ሳሚልኝ። ያስፈልገኝ እንደሆነም ንገሪያት፤ አላስፈለገኝም።

የጻፍሽልኝ ጎድቶኛል፤ ታናሽ ስለሆንሽ አልፌዋለሁ። ስላይዱን ግን አላነሣም። ሌላ የማሳያቸው ሰው የለኝም።

ወረቀቱን እንዳልሽው አድርጌ ሞከርኩት፣ ያዘ። አቧራውንም ጠረግሁ፤ ማጓራቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ወተቱ እንደሆነ አሁንም ይበላሻል። ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው? የፍሪጅ ካሳ የሚጠይቁ ሰዎችን ፋይል ስታነቢ መሆን አለበት። ሥርዓት ያለው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ብዙ ያውቃል።

አሁን የሰሞኑን ጉድ ልንገርሽ። «ልትሠሩት የምትፈልጉትን ሙያ የሚሠራ አንድ ሰው አነጋግሩ፣ አራት ገጽ ጻፉ፣ ቅጹ ላይም የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም አስመቱ» ብዬ አዘዝኩ። ማኅተሙ የኔ ሐሳብ ነው። ማኅተም የሌለው ወረቀት ወሬ ነው።

ሦስቱ አንድ የጥርስ ሐኪም አነጋገሩ፤ በሦስቱም ጽሑፍ ሐኪሙ ንግግሩን አቋርጦ የሚያስለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ባለኮርኒሱ አባቱን አነጋገረ፤ አባትየው የገዛ ልጁን «እርስዎ» እያለ ይመልስለታል። የቆራጩ ጽሑፍ እንደ ድምፁ መሐል ላይ ይቆራረጣል። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ማኅተም አላቸው፣ ማለፊያ ሰጠኋቸው።

ድመቷ ግን እጄን በአፌ አስጫነችኝ። ፍሪጅ የምትጠግን ሴት አነጋገርኩ ትላለች። ሴትዮዋ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራችበትን ቢሮ ትታ ነው አሉ ፍሪጅ ውስጥ የገባችው። እስቲ ከአንደኛው ገጽ ልገልብጥልሽ፦

«ወረቀት ስደረድር ኖርኩ። አሁን ፍሪጅ እከፍታለሁ። ፍሪጅ ዝም ካለ መብራት ነው። እያጓራ ካልቀዘቀዘ ጋዝ ነው። ሰው ግን ዝም ሲልም ሲያጓራም በሽታው አይታወቅም።»

የፍሪጅ ፈላስፋ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ብርድና ሙቀት የማይገባበት ወንበር፣ የዓመት ዕረፍት፣ ጡረታ ትታ ከሰው ጓዳ ዘይት ስትልስ። እንዲህ ዓይነት ሴት የለችም። ካለችም ለወለዷት አፍራለሁ። ቅጹ ላይ ስም የለም፣ ስልክ የለም፣ በማኅተሙ ቦታ «ባለሙያዋ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃለች» የሚል ብቻ አለ። ልጅቷ ሰው ፈጥራ ነው የጻፈችው። ዜሮ ሰጠኋት።

ታላቅ ወንድምሽ


ጥቅምት 30 ቀን

ጋሼ፣

እማዬ ደህና ናት። እኔም አለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ መልስልኝ። ዜሮ ያገኘች ልጅ ምን ትሆናለች? አራት ገጽ ጻፉ ብለህ ካዘዝክ፣ አንተ ራስህ ስንቱን ገጽ አነበብክ?

ለሚያስለው ጥርስ ሐኪም ሦስት ጊዜ ማለፊያ ሰጥተህ እውነቷን ለጻፈችው ዜሮ። ማኅተም የሚቀረጽበት ሱቅ እዚህ ከእኛ ሰፈር ሁለት አለ፤ ፈልጊ ብትለኝ የጥርስ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የጳጳስም ያወጡልሃል። ስታየው የምታምነው ነገር ይህ ከሆነ እስከ ዛሬ ማንን ቀጥረህ ማንን እንዳባረርክ አንድዬ ይወቀው።

ላታውቃት ሴት ደግሞ አታፍርላት። አንተ ለራስህ ስታዝን እንጂ ለሌላ ሰው ስታፍር አይቼህ አላውቅም።

አንጀቴ አሯል፣ ስለዚህ አላረዝምም። ፍሪጁን ማንም እንዳይነካው።

ታናሽህ


ኅዳር 5 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ምን ነካሽ? ዘንድሮ ደብዳቤሽ ሁሉ እንደ ክስ ነው። የመምሪያ ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ሰጥተውብሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ንዴቱን እኔ ላይ አታውጪው።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ ዜሮ ማለት ኮርሱን መውደቅ ነው። ኮርሱን የወደቀ ለተግባር ልምምድ አይላክም፣ ለልምምድ ያልተላከ አይመረቅም። ድመቷ ደግሞ አምና ታማ አንድ ዓመት አቃጥላለች። ኮሌጁ ሁለተኛ ዓመት አይታገሥም፣ ስለዚህ ትሰናበታለች። ውጤቱ ኅዳር 20 ይዘጋል። እኔ ጨካኝ ስለሆንኩ አይደለም፣ ደንቡ ነው።

ለሁለተኛው፦ ሁለት ገጽ። ውሸት መሆኑን ያወቅሁትን ነገር እስከ መጨረሻው ለምን አነባለሁ? ዕድሜዬ አጭር ነው።

ዕድል አልተሰጣትም እንዳትይ። ሰኞ ዕለት ዲኑ፣ እኔና እሷ በኮምፒውተር ተሰበሰብን። ዲኑ እኔ ስቀጠር ገና ያልተወለደ፣ በየቃሉ መሐል «ኦኬ» የሚል ልጅ ነው። «የሴትዮዋን ስምና ስልክ ብቻ ስጪንና ነገሩ ይለቅ» አላት። ድመቷ «ቃል ገብቼላታለሁ» አለች። «ከምትባረሪ ቃልሽን ብታፈርሺ አይሻልም?» አልኳት እኔ። «እሷ ብቻ ሳትሆን እንዲያፍር የማልፈልገው ሌላም ሰው አለ» አለች። ማን እንደሆነ ብንጠይቃት ጭጭ። የያዛት ውሸት እየበዛ ሲሄድ አንድ ሰው የነበረው ሁለት ሆነላት።

እንዲህ ናቸው የዛሬ ልጆች። የሚሄዱበትን አያውቁ፣ ያሉበትን አይናገሩ። አንቺ በዕድሜዋ ሳለሽ እኮ የምትደርሺበትን ወንበር በቁጥር ታውቂው ነበር።

ታላቅ ወንድምሽ


ኅዳር 10 ቀን

ጋሼ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። እማዬ አጠገቤ ናት። «ገር አድርገሽ ንገሪው» ብላኛለች፣ ገር ማድረግ አልቻልኩም።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ከመድን ድርጅቱ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከገበያው ጀርባ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል አለችኝ፤ እዚያ ፍሪጅ እጠግናለሁ።

እንዴት ብለህ ትጠይቃለህ። የቢሯችን የሻይ ክፍል ፍሪጅ ተበላሸና አንድ ሽማግሌ ባለሙያ መጡ። ባትሪ ያዢልኝ አሉኝ፣ ያዝኩላቸው። ቱቦው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው ጋዙ የሚያፈስበትን ሲፈልጉ እኔ ቀድሜያቸው አየሁት፤ አንዲት አረፋ ከሌሎቹ ተለይታ ታብጣለች። ጣቴን አስቀመጥኩበት። «እጅሽ ዓይን አለው» አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ቢሮ ሠርቼ እጅ እንዳለኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። መበየድ አስተማሩኝ። እሳቸው ሲደክማቸው ክፍሏን ለቀቁልኝ፣ እኔም ወንበርህን ለቀቅሁልህ። አሁንም ደንበኛ በር ሲከፍት ከኋላዬ አሻግሮ እያየ «ወንዱ የት አለ?» ይለኛል። «ቢሮ ነው፣ ዕቅድ ያወጣል» እለዋለሁ።

ዋሸሽኝ እንዳትል። ሥራው ደህና ነው አልኩህ፣ ደህና ነበር። ስለ ኃላፊነቱ የነገረኝ የለም አልኩህ፤ ማን ይነግረኛል? አለቃዬ ስልክ አትወድም አልኩህ፤ አለቃዋ እኔ ነኝ፣ አልወድም። እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት በጎን በጎን ሄድኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ከውሸትም ያነሰ ነገር ነው፤ ውሸታም እንኳ የሚናገረውን ይናገራል። ፈርቼህ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሴት፣ ባለሦስት በር ፍሪጅ ብቻዬን የማነሣ፣ ያንተን «አይ አንቺ ልጅ» መስማት ፈርቼ።

ድመት ያልካት ልጅ አክስት ወተት ትሸጣለች። ፍሪጇ ቆመ፣ ልጠግን ሄድኩ፣ ልጅቷ ስሠራ ቆማ አየችኝ። ለትምህርቴ ላነጋግርሽ አለች። ስሜን አትጻፊ፣ ወንድሜ እንዳይሰማ አልኳት። ያንተ ተማሪ መሆኗን አላወቅሁም፤ ያወቅሁት የጥቅምት 24 ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ነው። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አንተ ገጹን ገልጠህ ራስህ ታገኘዋለህ ብዬ ጠበቅሁ። ይኸውልህ፣ አሁንም በጎን።

ትላንት አስጠራኋት። እሷ ለካ የማን እህት እንደሆንኩ ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች። የመሣሪያ ሣጥኔን ስከፍት ክዳኑ ውስጥ ያንተን ሠንጠረዥ አየችው። ሰባተኛው መስመር ላይ «ካስፈለገ» ይላል። ዘጠነኛው ስላይድ። «ታዲያ ሊያባርሩሽ ሲሉ ለምን አልተናገርሽም?» ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «መምህር ድምፃቸው ደስ የሚለው ስለ እርስዎ ሲያወሩ ብቻ ነው» አለችኝ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አንተ ሳታነብ፣ እኔ ሳልናገር፣ የምትባረረው እሷ። እኔና አንተ ሁለታችን ተደምረን የዚችን ልጅ ግማሽ አናክልም።

ቃሏን ፈትቼላታለሁ። ስሜን ታውቀዋለህ፣ ስልኬንም ታውቀዋለህ፤ ለዲንህ ስጠው። ማኅተም የለኝም፣ አላስቀርጽምም። ኅዳር 20 ሳይደርስ አራተኛውን ገጽ አንብብ። የራስህ እያረረ የሰው ማማሰል ይበቃሃል።

ታናሽህ


ኅዳር 21 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን አለሽ? እማዬ እንደምን አለች? ወገቧን ያማት ነበር፣ ተሻላት? ሦስት ጊዜ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ። ቅጂ አላስቀረሁም።

ይቅር አላልኩሽም። በመጀመሪያ እሱን እወቂው። ሦስት ዓመት ሙሉ እማዬ እያወቀች፣ ወተት ሻጯ እያወቀች፣ የኔ ተማሪ እያወቀች፣ እኔ ብቻ በየሳምንቱ ከረባት አስሬ አንድ የሌለ ወንበር ላይ ሳስቀምጥሽ ከረምኩ። ደብዳቤሽን አንብቤ እስከ ማግሥቱ አላናገርኩሽም፣ በሐሳቤም ቢሆን።

ከዚያ አራተኛውን ገጽ ከፈትኩ። አንቺ አላየሽውም ይሆናል፣ ልገልብጥልሽ፦

«ከመሣሪያ ሣጥኗ ክዳን ውስጥ አንድ ያረጀ የዕቅድ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። አንድ መስመር እንኳ አልተጣመመም። ካልተከተሉት ለምን እንዳልጣሉት ጠየቅኋቸው። ‹ይህን ያሰመረው ሰው ሳምንት ሙሉ ስለኔ ሲያስብ ነው የሰነበተው። መንገዱ አልሆነኝም እንጂ ሐሳቡን የት እጥለዋለሁ?› አሉኝ።»

ሳምንት አይደለም፣ ዘጠኝ ቀን ነው። ሁለቱን ገጽ ሳነብ ሌሎቹ ሁለቱ እዚያው ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ፋይል ሳገላብጥ ስንቱን ሰው ገጽ ሁለት ላይ ዘግቼበት ይሆን? ይህን ማሰብ ከጉልበቴ በላይ አመመኝ።

ኅዳር 16 ዲኑን አገኘሁት። ውጤት የሚለወጥበት ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። «የቴክኒክ ችግር ብለው ይጻፉ፣ ኦኬ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው» አለኝ። «መምህሩ ጽሑፉን ሳያነብ ስለሰጠ» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ አነበበው። ለሚቀጥለው መንፈቅ ስለ ውሌ «እናስብበታለን» አለ። ያስብበት፤ ኦኬ። ድመቷ በአንደኛ ደረጃ አልፋለች፣ ልምምዷንም ከታኅሣሥ ትጀምራለች። ዲኑ ማኅተሙ የት አለ ቢለኝ በቦታው «የሴትዮዋ ወንድም እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩበት።

ሐሙስ ክፍል ገባሁ። ዘጠነኛውን ስላይድ አወጣሁና «ይቺ ሴት አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ወጥታ ሄዳለች። ፍሪጅ ትጠግናለች። እኔ አላወቅሁም ነበር፤ ሳላውቅ ነው ስነግራችሁ የከረምኩት» አልኳቸው።  ከአርባ ሦስቱ ሣጥን አንድም እልም አላለም። ነካቸው ብዬ አሰብኩ። ቆራጩ ጻፈ፦ «መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

እንደዚያች ቅጽበት ሰው ንቄ አላውቅም። ማንን እንደናቅሁ ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እንዲህ ብሎ እንዲጠይቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝና። ድመቷ እንደወትሮዋ «አመሰግናለሁ መምህር» አለች። ስሟን ከዝርዝሩ ፈልጌ አወጣሁት፣ በስሟም ጠርቼ እኔም አመሰግናለሁ አልኳት። ካሜራዋን አልከፈተችም፤ እኔም ክፈቺ አላልኳት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልስ እፈልጋለሁ። ፍሪጄ እያጓራ ነው፣ አይቀዘቅዝም። ገጽ አንድ ላይ እንደዚያ ከሆነ ጋዝ ነው ይላል። ጋዝ ነው? ምን ላድርግ?

ታላቅ ወንድምሽ


ኅዳር 26 ቀን

ጋሼ፣

እማዬ ወገቧ ተሽሏታል። ደብዳቤህን ሁለቴ አስነበበችኝ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ስለ ዘጠኙ ቀን ብቻ።

ጋዝ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ በደብዳቤ አይሞላም እንጂ። ከሶኬቱ ንቀለው፣ ከግድግዳው አውጣው፣ ወተቱን ድፋው። አንድ ሳህን የሳሙና ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጅልኝ፤ ባትሪውን አንተ ትይዝልኛለህ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።

እኔም ይቅር አላልኩህም። ሣጥኔ ስለሚከብድ ደረጃው ላይ ወርደህ ተቀበለኝ። በሩን ስትከፍት ደግሞ ከኋላዬ አሻግረህ እያየህ ወንዱ የት አለ እንዳትለኝ።

ታናሽህ